የቆዩ ሸክላዎች ላይ የሚያድር ስታቲክ ኤሌክትሪክን መቀነስ፦ ከዝግጅት እስከ ማጫወት

ሸክላውን ከከረጢቱ ባወጡት ቁጥር አቧራ እየተንጠላጠለበት፣ ሲያጫውቱትም ዘፈኑ መሃል እንደሚቆላ ገብስ የሚንጣጣ ድምፅ እየገባ ካስቸገረዎት፣ ደረቅ ጨርቅ አንስተው መወልወልዎ አይቀርም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ቪኒል ሸክላ የሚሠራበት ፒቪሲ ከሌላ ነገር ጋር ተነካክቶ ሲለያይ ኤሌክትሮን አጥብቆ የሚያስቀር ቁስ በመሆኑ፣ ደረቅ ጨርቅ ባለፈበት ቁጥር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይጨምርበታል፤ ስታቲክ የሚባለው ይህ ገጹ ላይ የሚያድር ሙል ነው፤ የጨመረው ሙል ደግሞ በክፍሉ አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ብናኝ መልሶ ይስባል። መርፌው ያንን ብናኝ እየጨፈለቀ በድምፅ ቦዩ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማው ነው እንግዲህ መንጣጣቱ።

ቤተሰቤ ለረጅም ጊዜ ያስቀመጠውን አንድ ትንሽ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ በናይሎን ሻርፕ ወልውዬ ወደ መብራት አዘንብዬ ሳየው፣ ሻርፑ ባለፈበት ሁሉ ቀጫጭን የጨርቅ ፀጉሮች ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። ጣቴን ሳስጠጋ ወደ ጣቴ ይጎነበሳሉ፤ ሳርቅ ተመልሰው ይቆማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላን በደረቅ ጨርቅ ወልውዬ አላውቅም።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ፒቪሲ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ በአንድ በኩል በሽቦ ወይም በጣት ቢነኩት ሙሉ በሙሉ አይራገፍም፤ የሚራገፈው የተነካችው ነጥብ ብቻ ናት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተቀመሩት የሸክላውን ገጽ በአጠቃላይ የሚያራግፍ ነገር፣ ማለትም እርጥበትን፣ ውሃን፣ ቀጫጭን አስተላላፊ ክሮችን ወይም ሙል ያዘለ አየርን ለመጠቀም ነው። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ ብሩሹን ከእጥበቱ ያስቀደመ ሰው ድካሙን ይደግማል።

ደረጃ 1፦ ችግሩ ስታቲክ መሆኑን ያረጋግጡ

የሚንጣጣ ሸክላ ሁሉ ስታቲክ አለበት ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ሰዓት ይዘው ያዳምጡ። ጠቅታው በእኩል ልዩነት የሚመላለስ ከሆነ ጭረት ነው፤ ባለ 33⅓ ዙር ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሴኮንድ፣ ባለ 45 ዙር በ1.3 ሴኮንድ ገደማ፣ ባለ 78 ዙር ደግሞ በ0.8 ሴኮንድ ገደማ ስለሆነ ልዩነቱን በጆሮ መያዝ ይቻላል። የስታቲክ ድምፅ ግን ሥርዓት የለውም፤ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ያንኑ ዘፈን ደግመው ሲያጫውቱት ቦታውን ይቀይራል።

ቀጥሎ የወረቀት ፈተናውን ይሥሩ። ከስስ የሶፍት ወረቀት 1 ሴንቲ ሜትር የሚያህሉ ቁርጥራጮች ጠረጴዛ ላይ ይበትኑና ሸክላውን ጠርዙን ይዘው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው በላያቸው ያሳልፉት። ብድግ ብለው ከተጣበቁበት ሌላ ፈተና አያስፈልግዎትም፤ ሙል አለበት። ካልተነሱ ግን ወደ መርፌው ይመለሱ፤ ጫፉ ላይ የተጠቀለለ የአቧራ ድቡልቡል ካለ፣ የሚሰሙት መንጣጣት ከእርሱ ሊሆን ይችላል።

ባለ 78 ዙር ሸክላ ለሚያጫውቱ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። የእነዚህ ሸክላዎች ቦይ ሰፊ በመሆኑ የጫፉ ራዲየስ ወደ 76 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚደርስ መርፌ ይፈልጋሉ። ለቪኒል የተሠራው 18 ማይክሮን ገደማ የሆነ መርፌ ቦዩ ሥር ወርዶ የተከማቸውን ቆሻሻ እየፋቀ ይሄዳል፤ ውጤቱም ከስታቲክ ጋር የሚምታታ ከባድ ሻካራ ድምፅ ነው። በዚህ ጊዜ መቀየር ያለበት መርፌው ነው፤ ምንም ያህል ቢያጥቡ ለውጥ አይኖርም።

ደረጃ 2፦ ሸክላው ከምን እንደተሠራ ይለዩ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ሸክላውን በገዛ እጁ ሊያጠፋው ይችላል።

*ቪኒል።* ቀለል ያለ፣ ትንሽ የሚታጠፍ፣ በጣት ጥፍር ጠርዙን ሲመቱት ደብዘዝ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው። ባለ 33⅓ ዙር ትልልቆቹና አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር ትናንሾቹ ቪኒል ናቸው፤ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምሃ ሪከርድስ፣ በኋላም በካይፋ ስም የወጡት ባለ 45 ዙር ሸክላዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስታቲክ አብዝቶ የሚያጠቃው ይህን ነው።

*ሼላክ።* ከባድ፣ የማይታጠፍ፣ ሲወድቅ እንደ ሴራሚክ ሳህን የሚሰበር፣ አብዛኛውን ጊዜ በ78 ዙር የሚጫወት ነው። ሼላክ ሙጫ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል። በአልኮል የረጠበ ጥጥ አንዴ ካለፈበት የጠፋው ድምፅ አይመለስም።

*ላከር።* ለአንድ ጊዜ ቀረጻ ይውል የነበረው ይህ ሸክላ ከአሉሚኒየም ዝርግ ላይ በስሱ የተቀባ ነው። መሃሉ ያለውን ቀዳዳ ጠርዝ በብርሃን ሲያዩት ብረቱ ይታያል። ቅቡ እየተሰነጠቀና እየተላጠ ስለሚሄድ ቤት ውስጥ አያጥቡት፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ ለእርሱ የሚሆነው ደረጃ 3 ብቻ ነው።

አንዳንድ የአሜሪካ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ከፖሊስታይሪን የተሠሩ ናቸው። ጠንከር ያሉ፣ ሲመቱም ከቪኒል ይልቅ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጡ ናቸው፤ ማሟሟያ ነገር ሁሉ ይጎዳቸዋል። በጥርጣሬ ላይ ካሉ አልኮልን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱት። ከታች የተሰጠው የእጥበት አሠራር ጭራሹኑ አልኮል የለውም።

ደረጃ 3፦ ክፍሉንና ራስዎን ያዘጋጁ

ስታቲክ የደረቅ አየር ልጅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የበጋ ወራት ማታ ሹራብ ሲያወልቁ የሚንጣጣውና በጨለማ ብልጭ የሚለው ነገር ሸክላዎ ላይም ያለው ነው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች በክረምት ማሞቂያ ሲከፍቱ የክፍሉ አየር ከዚህም በላይ ይደርቃል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው አየር ማቀዝቀዣ እርጥበቱን ይመጥጠዋል።

1. አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው ሸክላዎቹ ባሉበት መደርደሪያ አጠገብ ያስቀምጡ። የሚፈልጉት ከ40 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ60 በመቶ በላይ እንዲወጣ አይፍቀዱ፤ ሻጋታ ሽፋኑን መብላት ይጀምራል።
2. አየሩ ከደረቀ ማርጠቢያ መሣሪያ ይጠቀሙ። ከሌለዎት ከመጀመርዎ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው አንድ ሁለት እርጥብ ፎጣ ክፍሉ ውስጥ ይስቀሉ። እንፋሎት የሚያወጣ ነገር ግን ከማጫወቻው አጠገብ አያኑሩ።
3. ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። የተነሳ አቧራ ተመልሶ እስኪያርፍ ሰዓታት ይፈጃል።
4. ሱፍና ናይሎን ልብስ ያውልቁ፤ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። ምንጣፍ ላይ ከሆኑ ካልሲ እየጎተቱ አይራመዱ።
5. እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ቅባት ወይም ሎሽን የነካ ጣት በቦዩ ላይ የሚተወው ወዝ አቧራውን ያጣብቀዋል።

ሸክላዎችዎ ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ከሆኑ ቦታ ይቀይሩላቸው። የእጣንና የቡና ጭስ በሸክላው ገጽ ላይ ስስ ወዝ ይጥላል፤ ስታቲኩ የሚስበው አቧራ እዚያ ላይ ሲያርፍ በብሩሽ የማይነሳ ይሆናል። በየበዓሉ ሳሎን ውስጥ ተደርድረው የኖሩ ሸክላዎች ላይ የማየው ቡናማ ጭጋግ ይኸው ነው፤ የሚለቀውም በእጥበት ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ማጫወቻውን ያስተካክሉ

በመጀመሪያ ማጫወቻውንም አምፕሊፋየሩንም ከሶኬት ይንቀሉ። ከማጫወቻው ጀርባ ከድምፅ ገመዶቹ ጋር አብሮ የሚወጣ አንድ ቀጭን ነጠላ ሽቦ ይፈልጉ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ ነው። ጫፉን ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ካለው ትንሽ ቡሎን ጋር አጥብቀው ያሰሩት። ይህ ሽቦ ከተፈታ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በክንዱ ላይ የሚጠራቀም ሙልም መውጫ ያጣል። ዘመን አመጣሽ በሆኑ አንዳንድ ማጫወቻዎች ሽቦው የለም፤ ውስጥ ለውስጥ ተያይዟልና አይፈልጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ በብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ የመሬት መስመር የለውም። ይህን ለማካካስ ሽቦውን ወደ ሶኬቱ ቀዳዳ፣ ወደ ኒውትራል ወይም ወደ ጋዝ ቱቦ በፍጹም አያስገቡ። 220 ቮልት ሰው ይገድላል። ቤቱ የመሬት መስመር እንዲኖረው ከፈለጉ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ።

ከዚያ ሸክላው የሚያርፍበትን ምንጣፍ ይመልከቱ። ፌልት የሚባለው ከሱፍ ተደፍጥጦ የሚሠራ ዓይነት ጨርቅ ከሆነና ሸክላውን ሲያነሱ ተጣብቆ አብሮ የሚነሳ ከሆነ፣ ሙል ከሚያመነጩት አንዱ እርሱ ነው። በቡሽ፣ በላስቲክ ወይም በቆዳ ምንጣፍ ይተኩት፤ ውፍረቱ ከቀድሞው ጋር የተቀራረበ ይሁን። በጣም ከወፈረ የክንዱ አቀማመጥ ይቀየራል፣ መርፌውም ቦዩ ውስጥ አዘንብሎ ይቀመጣል።

ደረጃ 5፦ ሸክላውን ያጥቡ

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ውሃ የሸክላውን ገጽ በአንድ ጊዜ ስለሚሸፍን የተጠራቀመውን ሙል ያራግፋል፤ ሙሉን የያዘውን አቧራም ይዞት ይወጣል። ችግሩ የሚመለሰው በማድረቁ ላይ ስህተት ሲሠራ ነው።

*የሚያስፈልጉ ነገሮች።* 2 ሊትር የተጣራ፣ ማለትም ዲስቲልድ ውሃ፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ፈሳሽ ሳሙና፤ ለስላሳ ጠጉር ያለው ንጹሕ ብሩሽ፤ ሁለት ከፀጉር ነጻ የሆኑ ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቆች፤ ሁለት ንጹሕ ፎጣዎች፤ ሸክላው ቆሞ የሚደርቅበት የሳህን መደርደሪያ።

ስለ ውሃው አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለ። የቧንቧ ውሃ የሟሟ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ነጭ ዝቃጭ ቦዩ ውስጥ ያስቀራል። አፍልቶ ማቀዝቀዝ ጀርሙን እንጂ ማዕድኑን አያወጣውም። በአገራችን ዲስቲልድ ውሃ በቀላሉ የሚገኘው ለመኪና ባትሪ መሙያ ከሚሸጥበት ነው፤ ነገር ግን የባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ አሲድ ነው። ጽሑፉን ያንብቡ፣ ሻጩንም ይጠይቁ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ አይግዙ።

1. በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ወይም 3 ጠብታ ሳሙና ብቻ ይጨምሩ። አረፋ እስኪሞላ ከጨመሩ አብዝተዋል፤ ይድፉትና እንደገና ይጀምሩ። ሌላውን 1 ሊትር ለማለቅለቂያ ለብቻው ያስቀምጡ።
2. ውሃው የክፍሉን ሙቀት ያህል ይሁን። ሙቅ ውሃ ቪኒልን ያጣምመዋል።
3. ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፈው ሸክላውን ያሳርፉ። መሃሉ ላይ ያለውን የወረቀት ጽሑፍ ከእርሱ በትንሹ በሚሰፋ የፕላስቲክ ክዳን ይሸፍኑት፤ በአንድ እጅዎ ጫን አድርገው ይያዙት።
4. ብሩሹን ነክረው ያራግፉና ቦዩን ተከትለው በክብ ያሂዱት፤ ሦስት ዙር በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት ዙር በተቃራኒው። ከመሃል ወደ ጠርዝ እያቆራረጡ አይፈግፍጉ።
5. የመጀመሪያውን ጨርቅ በማለቅለቂያው ውሃ አርጥበው ሳሙናውን ያንሱ። ጨርቁን ጨምቀው ይድገሙት። የቀረ ሳሙና ሲደርቅ መርፌው ላይ ይጋገራል።
6. ሁለተኛውን ጨርቅ ደረቁን ሸክላው ላይ ጫን አድርገው ውሃውን ያስመጥጡት። አይፈትጉ። ጨርቁን ያንሱ፣ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ጫን ያድርጉ፣ እንደገና ያንሱ። ልክ እዚህ ላይ ደረቅ ፍትጊያ የጀመረ ሰው ያራገፈውን ሙል መልሶ ይጭናል።
7. ገልብጠው ሌላውን ገጽ እንዲሁ ያድርጉ። ከመገልበጥዎ በፊት ፎጣውን በንጹሕ ደረቅ ፎጣ ይቀይሩ።
8. መደርደሪያው ላይ አቁመው ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ሌሊቱን ያሳድሩት። ፀሐይ ላይ አያውጡት፤ የፀጉር ማድረቂያም አይጠቀሙ።

ሼላክ ሸክላን በተመለከተ፦ በዚሁ ውህድ ማጠብ ይቻላል፤ ግን ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ርጥበት ላይ አያቆዩት፣ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ስንጥቅ ያለበትን ጭራሽ አያርጥቡት። ውሃ በስንጥቁ ከገባ ውስጡን ያሳብጠዋል።

*ፈጽሞ የማይነኩት፦* በረኪና፣ ኦሞና ሌላ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ የመስታወት ማጽጃ፣ ኮምጣጤ፣ አረቄ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አልኮል፣ የልብስ ማለስለሻ። የመጨረሻው በተለይ ስታቲክ ያጠፋል እየተባለ ይመከራል፤ በእርግጥም ያጠፋል፤ የሚያጠፋው ግን ስስ ቅባት በመጣል ስለሆነ ያ ቅባት ቦዩን ይደፍናል።

ደረጃ 6፦ ከረጢቱን ይቀይሩ

የታጠበ ሸክላ ወደ አሮጌው ከረጢት አይመለስም። ውስጡ የተጠራቀመው ብናኝና የወረቀቱ ፍርፋሪ በአንድ ጊዜ ሥራዎን ሁሉ ያበላሸዋል። ስታቲክ የማይሰበስብ ተብሎ የሚሸጠውን ስስ የፖሊኤቲሊን ከረጢት ወይም በዚሁ ፕላስቲክ የተገበረ የወረቀት ከረጢት ይግዙ። ማግኘት ካልቻሉ ለስላሳ፣ ያልታተመበት ንጹሕ ወረቀት በልኩ አጥፈው ይሥሩ። ፌስታል አይጠቀሙ፤ ጋዜጣም አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ይነካካል። ከሁሉ የከፋው ለስላሳ ፒቪሲ ከረጢት ነው፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት በዓመታት ውስጥ ወደ ሸክላው ተሻግሮ የማይለቅ ደመና ይተዋል።

ሙል የሚፈጠረው ሲለያዩ መሆኑን ያስታውሱ። ሸክላውን ከከረጢቱ መንጭቀው አያውጡ። ሽፋኑን በትንሹ ጠምዝዘው አፉን ከከፈቱ በኋላ፣ አንድ ሁለት እያሉ በዝግታ፣ ከጎኖቹ ጋር ሳያሻሹ ይሳቡት። ይህ ምንም የማያስወጣ ነገር ሆኖ ሳለ ለውጡ ወዲያው ይታያል።

ደረጃ 7፦ በየማጫወቱ የሚሠራ

1. ሸክላውን ማጫወቻው ላይ ያድርጉና እንዲዞር ያስነሡት።
2. መርፌውን ሳያወርዱ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ይያዙ። ጣቶችዎ የብሩሹን ብረት የሆነ ክፍል መንካት አለባቸው፤ ካርቦኑ ሙሉን የሚያሳልፈው በእርስዎ አካል በኩል ነውና። በፕላስቲኩ ብቻ ከያዙት አቧራውን ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ አያራግፍም።
3. የክሮቹን ጫፍ ብቻ አስነክተው ሁለት ዙር ያቆዩ፤ አይጫኑት። ከዚያ በዝግታ ወደ ጠርዝ እያንሸራተቱ ያንሱት።
4. ብሩሹን ከማጫወቻው አርቀው ያራግፉት፤ ክሮቹን በጣትዎ አይንኩ።
5. ይህ ካልበቃ እንደ ዜሮስታት ያለ በእጅ የሚጨመቅ ፀረ ስታቲክ ሽጉጥ ይጠቀሙ። ሸክላው መዞሩን እንዲያቆም ያድርጉ፤ ካርትሪጁን (መርፌው የተገጠመበትን የክንዱን ጫፍ) አርቀው ከ30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ያነጣጥሩ፤ ቃታውን በጣም በዝግታ ይጭመቁ፣ በዚያው ዝግታ ይልቀቁ። ሲጨመቅ አዎንታዊ፣ ሲለቀቅ አሉታዊ ሙል ያለው አየር ይረጫል። ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ ቸኩለዋል፤ ይድገሙት። ወደ ሰው አያነጣጥሩ፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው በአቅራቢያ ካለ አይጠቀሙ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ታጥቦም ይንጣጣል።* የወረቀት ፈተናውን ይድገሙ። ወረቀቱ ካልተነሳ ሙሉ በሙሉ ተራግፏል፤ የቀረው የቦዩ ጉዳት ወይም ያልተለቀለቀ ሳሙና ነው። በተጣራ ውሃ ብቻ አንድ ጊዜ እንደገና ያለቅልቁ፤ ለውጥ ከሌለ ሸክላው የሚሰጠው ያንን ነው፤ መፈተጉን ያቁሙ።

*አንድ ዘፈን ሳያልቅ መርፌው ላይ አቧራ ይጠቀለላል።* ያልተነሣ ቆሻሻ ከቦዩ ሥር እየወጣ ነው። መርፌውን ከጀርባ ወደ ፊት ብቻ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ ሸክላውን አንድ ጊዜ ካጫወቱ በኋላ ደረጃ 5ን ይድገሙ።

*ሸክላውን ሲያነሱ ጣትዎን ብልጭ ያደርጋል።* አየሩ በጣም ደርቋል። መለኪያውን አይተው ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ። ከዚያ በፊት ብሩሽም ሽጉጥም ቢጠቀሙ ከደቂቃዎች በኋላ እንደነበረ ይሆናል።

*ሻጋታ አለው።* ከሌሎቹ ይለዩት። አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ከቤት ውጭ ያጥቡት፤ የተጠቀሙበትን ብሩሽና ጨርቅ ለሌላ ሸክላ አይጠቀሙ፣ የድሮውን የውስጥ ከረጢት ይጣሉ።

*የመሃሉ ወረቀት ረጠበ።* አይንኩት፣ አይፈትጉት። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ከላይ ጫን አድርገው ያስመጥጡና አጋድመው ያድርቁት፤ ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ ጨርቁን ወዲያው ያንሱ።

*ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት ቸኩለዋል።* ታጥቦ በነጋታው ይቅዱት። እርጥብ አድርጎ የማጫወት ልማድ ድምፁን ለጊዜው ያሳምረዋል፤ ነገር ግን በውሃው የላላው ቆሻሻ መርፌው ባለፈበት ተደፍጥጦ ቦዩ ሥር ይደርቃል፣ ቀጣዩ ማጫወት ከበፊቱ የባሰ ይሆናል። የመቅጃ ፕሮግራሞች የመንጣጣት ማጥፊያ አላቸው፤ አብዝተው ሲጠቀሙባቸው ግን የክራሩን ጫፍና የጭብጨባውን ጥርት አብረው ይቆርጡታል። ከመቅዳትዎ በፊት ብሩሹን አሳልፈው፣ መርፌውን አጽድተው፣ መጀመሪያ ያልተነካካውን ቅጂ ሙሉውን ያስቀምጡ፤ ማጽዳቱን በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሥሩ።